ደሴ፣ ደሴ፣ ቀጥታ ደሴ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ወጌ ላምበረት መናኸሪያ በር ላይ ይጀምራል፤ ሰዓቱ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ነው። በሩ ገና አልተከፈተም፤ ከበሩ ውጭ ግን ሰዉ ግጥም ብሏል። እህል የያዘ ማዳበሪያ ትከሻው ላይ ያደረገ አለ፣ ሕፃን ያዘለች አለች፣ ፍራሹን ጠቅልሎ በሲባጎ ያሰረ ተማሪ አለ። በሌሊት ሕዝብ ጭኖ መጓዝ ስለማይፈቀድ፣ ቀን ሳይመሽ ለመግባት ያለው ዘዴ ገና ጎህ ሳይቀድ ተሰልፎ መጠበቅ ነው።

በሩ ሲከፈት ያለውን ግፊያ የሚያውቅ ያውቀዋል። «ደሴ! ደሴ! ቀጥታ ደሴ!» ይላል ረዳቱ፤ አንድ እግሩ ደረጃው ላይ፣ አንድ እግሩ አየር ላይ።

ወደ ደሴ መሄጃው ብዙ ነው። አቅም ያለው ኮምቦልቻ ድረስ በአውሮፕላን ሄዶ፣ በአንድ ሰዓት ገደማ ይወርዳል። ከእሱ ዝቅ ያለው ውኃና ኬክ የሚታደልበትን፣ ወንበሩ ወደ ኋላ የሚለጠጠውን አውቶቡስ ይይዛል። የቸኮለ በአባዱላ ይከንፋል። እኔ የማወራችሁ ግን በታሪፍ ስለሚሄደው፣ ሻንጣና ማዳበሪያ ጣራው ላይ ተቆልሎ በሸራ ስለሚታሰርበት አውቶቡስ ነው። 401 ኪሎ ሜትሩን ሙሉ ቀን ይፈጅበታል።

መቀመጫዬ ከአንዲት እናትና ከአንዲት ወጣት ኋላ ነበር። እናትየዋ ነጠላቸውን አጣፍተዋል፤ ደሴ ነው ቤታቸው። ልጅቱ ሒጃብ ለብሳ፣ ከሳዑዲ ከተመለሰች ጥቂት ቀኗ ነው፤ ከደሴ አልፋ ወደ መርሳ፣ እናቷ ዘንድ ትሄዳለች። ትልቁ ሻንጣዋ ጣራ ላይ ወጥቷል፤ በየጊዜው አንገቷን ወደ ላይ ቀና እያደረገች ታዳምጣለች፣ ይንሸራተት ይሆን ብላ። ከወሎ ስንቷ ልጅ ናት በዚሁ መንገድ ወርዳ ባሕር የተሻገረችው! በዚሁ መንገድ የምትመለስ ሲያጋጥመኝ ደስ ይለኛል።

ሞተሩ ተነሣ። አንድ ጥምጥም ያደረጉ አባት መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ እማማ አማተቡ። «በሰላም ያግባን» አለ ሾፌሩ። «አሜን» ያለውም «አሚን» ያለውም በአንድ ትንፋሽ ነው።

«ቀጥታ» ያለው ረዳት ለገጣፎ ሳንደርስ ሁለት ሰው ጨመረ፤ ሰንዳፋ ላይ ሌላ። ሞተር ላይ ተቀመጡ፣ መተላለፊያው ላይ በዱካ ተቀመጡ። ትራፊክ ፖሊስ ፊት ስንደርስ «ትርፎች፣ ዝቅ በሉ!» ይላል ረዳቱ፤ የተጣፈ ሱሪ የለበሱ አዛውንት ጭምር አንገታቸውን ሰብረው ይደበቃሉ። ከፍለው የተሳፈሩ ሽማግሌ እንደ ሌባ ሲጎነበሱ ማየት ያመኛል።

ደብረ ብርሃን ቁርስ በላን፤ ብርዱ ከላምበረቱ ይብሳል። ከዚያ ዳገቱ ነው፤ ጣርማበር። ጉም መንገዱን ውጦት፣ ሾፌሩ መብራት አብርቶ በቀስታ ይሄዳል። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥተናል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በርቅሶ የሠራው ዋሻ 600 ሜትር አይሞላም፤ ግን ጨለማው ውስጥ ሲገቡ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። በወዲያኛው አፍ ሲወጡ ሌላ አገር ነው። ጉሙ ከበላይ ይቀራል፣ ገደሉ ከሥር ይከፈታል፣ ደብረ ሲና ቁልቁል ትታያለች።

እዚህ ላይ የምለው አለኝ። ያ ቁልቁለት በጥምዝምዙ ላይ ጥምዝምዝ ነው። ከልኩ በላይ የጫነ አውቶቡስ እሱን ሲወርድ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ የሚይዘው እያነሰ ይሄዳል። ደህና ሾፌር በከባድ ማርሽ፣ በሞተሩ ጉልበት ይዞ ይወርዳል እንጂ ፍሬኑን ረግጦ አይኖርም። የእኛው እንዲያ አድርጎ አወረደን፤ እድሜ ይስጠው። ግን የሕዝብ ነፍስ በአንድ ሰው ደግነት ላይ ለምን ይንጠለጠላል? ትርፍ መጫን የሚከለከለው ለወንበር ምቾት አይደለም፣ ለዚች ቁልቁለት ነው። ርካሽ ትኬት የቆረጠ ሰው ርካሽ ፍሬን አይገባውም።

«ልጄ፣ ቀስ በል፤ ደሴ የትም አትሄድብህም» አሉት እማማ።

በዚያው ጥምዝምዝ ላይ ልጅቱን አጥወለወላት። ረዳቱ ፌስታል ወረወረ፤ ከእጅ ወደ እጅ ደረሳት። እማማ ከጉያቸው ሎሚ አውጥተው በጥርሳቸው ቀደዱና አፍንጫዋ ሥር ያዙላት፤ ግንባሯን በሌላ እጃቸው ደገፉ። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ።» ከኋላ አንዱ ውኃ አቀበለ፣ ሌላው መስኮት ከፈተ። «ዝጉት፣ ንፋስ ይመታናል!» የሚል ጩኸት ተነሣ፤ «ለልጅቱ ነው!» ሲባል ጩኸቱ ወዲያው ቆመ። ባለ ኬኩ አውቶቡስ ውስጥ የታመመን የሚጠይቅ አስተናጋጅ አለ። እዚህ አስተናጋጅ ስለሌለ ሁሉም አስታማሚ ይሆናል።

ደብረ ሲና የቆሎ አገር ነው። አውቶቡሱ ገና ሳይቆም ልጆቹ በሶና ቆሎ በላስቲክ ቋጥረው መስኮቱን ይከቡታል። ቆሎውን አስቀድመው ይሰጡሃል፣ ገንዘቡን በኋላ ይቀበላሉ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ያልከፈለ ሰው ነበር፤ ልጁ በሩጫ ይከተላል። ብሩ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ በስንት እጅ አልፎ በሾፌሩ መስኮት ወደቀለት። መሐል ላይ ያስቀረ የለም።

ሸዋ ሮቢት ወርደን ሙቀት ተቀበለን፤ ጋቢ ተጠቀለለ፣ ሹራብ ወለቀ። ምሳ እዚያ ነው። ሾፌሮች የሚቆሙበት ቦታ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ምግብ ቤት ጎን ለጎን ያለበት ነው፤ ምክንያቱም ሥጋው እንደየሃይማኖቱ ነው የሚታረደው። ዕለቱ ረቡዕ ነበርና እማማ የጾም በያይነት አዘዙ። ልጅቱ ከወዲያኛው ቤት ጥብስ አስመጣች። ጠረጴዛቸው ግን አንድ ነበር፤ ሁለቱ ቤቶች በሚገናኙበት ዳስ ሥር። ቡናውን እማማ ከፈሉ፤ ልጅቱ ልክፈል ብትል እጇን ያዟት። ጥምጥም ያደረጉት አባት ሰግደው እስኪመለሱ ሾፌሩ ጥሩምባ አልነፋም።

አጣዬ ስንደርስ ወሬው ተቋረጠ። በ2013 ዓ.ም. ብዙ ቤት የነደደባት፣ ብዙ ሰው ያለቀባት ከተማ ናት። አንድ ሰው ብቻ «እዚህ ጋ የወንድሜ ሱቅ ነበር» አለ፤ ማንም ምንም አልመለሰለትም፣ ግን ከጎኑ የተቀመጠው ተማሪ ጉልበቱን ነካ አደረገው። ይህ መንገድ ብዙ አይቷል። በ2014 መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ስንቱ ልጁን አዝሎ ወደ ደብረ ብርሃን የተሰደደው በዚሁ ነው። መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ባለ አውሮፕላኑ ሌላ ቀን ይቀጥራል፤ በታሪፍ የሚሄደው ግን የታመመች እናቱን ሳያይ ይቀራል። ሰላም ለእሱ ከምንም በላይ ነው።

አጣዬን አልፈን ጎማ ፈነዳ። ወንዶቹ ወርደው ድንጋይ ታኮ አደረጉ፣ ሴቶቹ ግራር ሥር ተቀመጡ፣ የደብረ ሲናው ቆሎ ለሁሉም ዞረ። ሰዓቱ ግን ሄደ። ከሚሴን በጨረፍታ አለፍናት፤ ኮምቦልቻ ስንገባ ፀሐይዋ ጠልቃለች። የሐረጎን ዳገት በጨለማ ወጣነው።

ደሴ መናኸሪያ ስንደርስ የመርሳ መኪና የለም፤ እስከ ንጋት አይኖርም። ልጅቱ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ለእናቷ «አልጋ እይዛለሁ፣ አታስቢ» ስትል እማማ ሰሙ።

«የምን አልጋ? ገንዘብሽን ለእናትሽ ያዢው። እኔ ቤት ታድሪያለሽ።»

«አስቸግርዎታለሁ፣ እማማ።»

«ብቻዬን ነኝ፤ ማንን ታስቸግሪያለሽ? መስገጃውን ከጎረቤቴ አመጣልሻለሁ። እራትም የጾም ነው፣ ለሁለታችንም ይሆናል። ይልቅ ስልኩን ስጪኝ።» ተቀብለው የማያውቋትን የመርሳ እናት አነጋገሩ፤ «ልጅሽ እኔ ጋ ናት፤ ጠዋት ራሴ አሳፍራታለሁ» አሏት።

ረዳቱ ሻንጣውን ከጣራ አወረደ። ባለ ባጃጁ ለሻንጣው ጭማሪ ጠየቀ። እማማ ወገባቸውን ይዘው፣ ቧንቧ ውኃ ሰፈር ድረስ ስንት እንደሚከፈል ከእሱ በፊት እንደሚያውቁ ነገሩት። በፊተኛው ዋጋ ተስማማና ሻንጣውን ራሱ ጫነላቸው።