ጭራው የተደበቀ ፋይል

የታሪክ መምህር ስለ ኮምፒውተር ቫይረስ ምን አገባው እንዳትሉኝ። ይሄም ታሪክ አለው፤ ደጎሎ ድረስም መጥቶብናል።

በ2007 ዓ.ም. ነው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ አንድ ባልደረባዬ ሮስተር ሊያሳትም ፍላሹን ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደ። ሲመለስ ፎልደሮቹ በሙሉ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት ያለባቸው "ሾርትከት" ሆነዋል። "ቫይረስ ነው፣ ፎርማት አድርገው" ያልኩት እኔ ነኝ። አደረገው። ከዚያ ሦስት ሌሊት ከማርክ ሊስት ላይ እየገለበጥን ሮስተሩን እንደ አዲስ ሠራን። በኋላ ነው የገባኝ፤ ፋይሎቹ ተደብቀው ነበር እንጂ አልጠፉም። ያጠፋቸው የኔ ምክር ነው።

ያ ቫይረስ ስክሪፕት ነበር። ስክሪፕት ማለት በተራ ጽሑፍ የተጻፈ ትእዛዝ ነው፤ ኮምፒውተሩ መስመር በመስመር እያነበበ ይፈጽመዋል። ከዊንዶውስ 98 ጀምሮ አንባቢው ፕሮግራም ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል። የታሰበው ለሥራ ማቅለያ ነበር፤ ሌባም ተጠቀመበት።

ሚያዝያ 26 ቀን 1992 ዓ.ም. "እወድሃለሁ" የሚል የእንግሊዝኛ ኢሜይል ዓለምን አዳረሰ። አባሪው የፍቅር ደብዳቤ ይመስላል። ስሙ በ"ቲ.ኤክስ.ቲ" የሚያልቅ ተራ ጽሑፍ ይመስል ነበር፤ እውነተኛው ጭራ ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለው "ቪ.ቢ.ኤስ" ነው። ዊንዶውስ ደግሞ የመጨረሻውን ጭራ ይደብቃል! የከፈተው ሰው ፎቶዎቹ ተበላሹበት፤ ደብዳቤውም በአድራሻ መዝገቡ ላሉት ሁሉ በስሙ ተላከ። የጻፈው ኦኔል ደ ጉዝማን የሚባል የማኒላ ወጣት ነበር። በጊዜው ፊሊፒንስ ለዚህ የሚሆን ሕግ ስላልነበራት ክሱ ተቋረጠ። እኛም አገር የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 የወጣው በ2008 ዓ.ም. ነው።

ብልሃቱ ግን አላረጀም። በመጋቢት 2005 ዓ.ም. የካናዳው ሲቲዝን ላብ ያወጣው ሪፖርት፣ የግንቦት 7 ሰዎችን ፎቶ ማጥመጃ ያደረገ የስለላ ፕሮግራም ማግኘቱን ገለጸ። እሱ ስክሪፕት አይደለም፤ ማታለያው ግን ያው ነው፦ ሰው ሊያየው የሚጓጓውን ነገር ማልበስ። የኛ ፍላሽ ላይም የለበሰው የራሳችንን ፎልደር ስም ነበር። ሾርትከቱን ስትነኩት ስክሪፕቱን ያስነሳል፣ እንዳትጠረጥሩም ፎልደሩን ይከፍትላችኋል።

ታዲያ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ጭራውን ግለጡት። ፎልደር ከፍታችሁ "ቪው" ውስጥ ገብታችሁ የፋይል ኤክስቴንሽን እንዲታይ አድርጉ። ደብዳቤ ወይም ፎቶ ተብሎ መጥቶ በ"ቪ.ቢ.ኤስ"፣ በ"ጄ.ኤስ" ወይም በ"ኢ.ኤክስ.ኢ" ካለቀ አትንኩት። የ"ቪ.ቢ.ኤስ" እና የ"ጄ.ኤስ" ፋይሎች በኖትፓድ እንዲከፈቱ ብታደርጉ ደግሞ በስህተት ብትነኳቸው እንኳ ጽሑፋቸው ይታያል እንጂ አይሠሩም። ከኢንተርኔት የመጣ የወርድ ፋይል "ማክሮ ፍቀድ" ካላችሁ አትፍቀዱ። ዊንዶውስና አንቲቫይረሱን አድሱ። ፍላሽ ሾርትከት ከሆነባችሁ እንደኔ አትቸኩሉ፤ ቫይረሱን አጽዱ፣ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ፣ ሥራችሁን ገልብጡ፣ ፎርማቱ ከዚያ ይደርሳል። ከሁሉም በላይ፣ የደከማችሁበትን ነገር ሁለት ቦታ አስቀምጡ።

ማይክሮሶፍት ራሱ በ2016 መጀመሪያ ላይ ቪቢ ስክሪፕትን ቀስ በቀስ ከዊንዶውስ እንደሚያስወጣ አስታውቋል። እሰየው ነው። ግን ሌባው በሌላ ጭራ ይመጣል።

ባልደረባዬ፣ ይህን ካነበብክ ይቅርታ አሁንም አለብኝ። የዚያን ሰሞን ሻማም አንተ ነህ የገዛኸው።