መብራት ሲመጣ ሞተሩ በራሱ እንዳይነሳ

ሽሮ ሜዳ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ነጠላው፣ ጋቢውና ጥለት ያለው የሐበሻ ቀሚስ ተሰቅሎ የሚታይበት የገበያ መንገድ ነው፡፡ ከመንገዱ ገባ ሲባል ግን ወፍጮ ቤት አለ፣ የእንጨትና የብረት ሥራ ቤት አለ፤ ሁሉም የሚሠራው በሞተር ነው፡፡ እንደ ሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር ደግሞ እዚህም መብራት ይሄዳል፣ መብራት ይመጣል፡፡

ሲሄድ የሚቆመው ሥራ ነው፡፡ የሚያሰጋው የሚመጣበት ሰዓት ነው፡፡ መብራት ጠፋ ብሎ የወፍጮውን ክዳን ከፍቶ የተጋገረውን ዱቄት በእጁ የሚጠርግ ሠራተኛ አለ እንበል፡፡ በዚያች ደቂቃ መብራት ተመልሶ ሞተሩ ማንም ሳይነካው ቢነሳ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም፡፡

የሚገርመው፣ ይህ አደጋ የሚብሰው መሣሪያውን "አዘመንኩ" ባለ ሰው ላይ መሆኑ ነው፡፡ በየወፍጮ ቤቱ የምናውቀው የቆየ ማስነሻ፣ ማለትም ስታር ዴልታ የሚባለው ባለ ኮንታክተር ሳጥን፣ መብራት ሲጠፋ ይለቃል፡፡ መብራት ሲመለስ አረንጓዴው ቁልፍ እንደገና ካልተጫነ አይነሳም፡፡ ይህ ሳጥን ተነቅሎ በምትኩ ፍጥነት መቀያየር የሚችል ድራይቭ ሲገባና ማስነሻው አንድ ተራ ማዞሪያ ቁልፍ ሲሆን ግን፣ ቁልፉ መብራት ሲጠፋ እንደተዞረ ይቀራል፡፡ መብራት ሲመጣ ድራይቩ "ተነስ" የሚል ትዕዛዝ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፡፡ አንዳንዱ ድራይቭ ይህን የሚከለክል ማስተካከያ አለው፣ አንዳንዱ የለውም፣ ያለውም ቢሆን ተዘግቶ ሊመጣ ይችላል፡፡

ለመሆኑ ድራይቭ የሚባለው ምንድነው? በገበያው "ኢንቨርተር" ሲሉትም ይሰማል፤ መብራት ሲጠፋ ከባትሪ ኃይል ከሚሰጠው ጋር ግን መምታታት የለበትም፡፡ ድራይቭ ከመስመሩ የሚመጣውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ወደ ቀጥታ ይለውጠዋል፣ ከዚያም በሚፈለገው ፍሪኩዌንሲ እንደገና ተለዋዋጭ አድርጎ ለሞተሩ ይሰጠዋል፡፡ በ50 ኸርዝ በደቂቃ ወደ 1,500 ጊዜ የሚዞር ሞተር በ25 ኸርዝ ግማሹን ያህል ይዞራል፡፡ ሞተሩ ቀስ ብሎ ስለሚነሳም ሲነሳ የጎረቤቱን አምፖል አያደበዝዝም፡፡ በቀጥታ የሚነሳ ሞተር መጀመሪያ ላይ ከመደበኛው አምስት፣ ስድስት እጥፍ ከረንት እንደሚስብ ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፡፡

መፍትሔው የአሮጌውን ሳጥን ጠባይ በአንዲት ትንሽ ሪሌይ መመለስ ነው፡፡ ሪሌዩ 24 ቮልት ኮይልና ቢያንስ ሁለት ስብስብ ኮንታክት ያለው ይሁን፡፡ መስመሩ ከ24 ቮልቱ ምንጭ ይነሳና መጀመሪያ በቀዩ የማቆሚያ ቁልፍ ያልፋል፡፡ ይህ ቁልፍ ሳይነካ ዝግ ሆኖ ሲጫኑት የሚከፈት መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ሽቦው ቢበጠስ እንኳ ሞተሩ ይቆማል፡፡ ቀጥሎ ድራይቩ ራሱ ጤነኛ ሲሆን በሚዘጋው፣ ብልሽት ሲያይ በሚከፍተው ኮንታክት ያልፋል፡፡ የወፍጮው ክዳን ላይ ስዊች ካለ እሱም በዚሁ መስመር ላይ በተከታታይ ይገባል፡፡ ከዚያ አረንጓዴው የማስነሻ ቁልፍ፣ ከዚያ የሪሌዩ ኮይል፣ ከዚያ ወደ ምንጩ መመለሻ፡፡

ከአረንጓዴው ቁልፍ ጎን ለጎን የሪሌዩ የመጀመሪያ ክፍት ኮንታክት ይያያዛል፡፡ ቁልፉ አንዴ ሲጫን ሪሌዩ ይስባል፣ ኮንታክቱ ይዘጋል፣ ጣት ቢነሳም ሪሌዩ ራሱን ይዞ ይቆያል፡፡ ሁለተኛው ክፍት ኮንታክት ደግሞ ወደ ድራይቩ ይሄዳል፤ ከድራይቩ የራሱ 24 ቮልት ተርሚናል ወደ ማስነሻ ተርሚናሉ፡፡ (አንዳንዱ ድራይቭ ከ24 ቮልት ሳይሆን ከኮመን ጋር ሲገናኝ የሚነሳ ነው፤ ከሽፋኑ ጀርባ ያለውን ሥዕል ማየት ነው፡፡) በዚህ ኮንታክት ላይ ከውጭ ምንም ቮልቴጅ መምጣት የለበትም፡፡ 220 ቮልት ወደ ማስነሻ ተርሚናል የላከ ሰው ድራይቩን በአንድ ሴኮንድ ያቃጥላል፡፡ በመጨረሻም ድራይቩ ትዕዛዝ የሚቀበለው ከፊቱ ቁልፎች ሳይሆን ከተርሚናል እንዲሆን ማስተካከያው ይቀየራል፤ ከብልሽት በኋላ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርገው ማስተካከያም ይዘጋል፡፡

በዚህ ሁሉ መሀል በቀላሉ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ፡፡ ለሪሌዩ 24 ቮልት የሚሰጠው ምንጭ ድራይቩ ከሚበላበት መስመር መምጣት አለበት፡፡ ኮምፒውተሩን ከያዘው ዩፒኤስ ላይ የተቀጠለ እንደሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ድራይቩ ይሞታል፣ ሪሌዩ ግን እንደያዘ ይቀራል፡፡ ያን ሁሉ ሽቦ የዘረጋነው ለከንቱ ሆነ ማለት ነው፡፡ የድራይቩ ጤንነት ኮንታክት በመስመሩ ላይ እንዲገባ ያልነው አንድም ለዚህ ነው፤ ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ብቻ ሲጠፋም ይህ ኮንታክት ያድናል፡፡

አንዳንድ ኤሌክትሪሻን ሪሌዩን ትቶ ከድራይቩ ፊት ኮንታክተር ያስቀምጥና ሞተሩን በእሱ ሊያስነሳና ሊያቆም ይፈልጋል፡፡ ይህ አይመከርም፡፡ ድራይቩ በተከፈተ ቁጥር በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከባዶ ይሞላሉ፤ በየደቂቃው ማብራትና ማጥፋት የሚሞላቸውን ክፍል ያደክማል፡፡ በድራይቩና በሞተሩ መሀል ኮንታክተር አስገብቶ ሞተሩ እየዞረ መክፈት ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፡፡ የመቆጣጠሪያው ሽቦ ከሞተሩ ወፍራም ኬብል ጋር በአንድ ቱቦ እንዳይሄድም ማሳሰብ ይገባል፤ ድራይቩ በሞተሩ ኬብል ላይ የሚፈጥረው ረብሻ ማስነሻውን ሊያሳስት ይችላል፡፡

ሽሮ ሜዳ ላይ የሚጨመር ሌላ ሒሳብ አለ፡- ከፍታው፡፡ ሰፈሩ በእንጦጦ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፡፡ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀት በደንብ አይወስድም፡፡ አብዛኞቹ አምራቾች ከ1,000 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ከድራይቩ ከረንት አንድ በመቶ እንዲቀነስ ያዛሉ፡፡ 17 አምፒር የተጻፈበት ድራይቭ እዚህ የሚተማመኑበት 14.5 አምፒር ገደማ ብቻ ነው፡፡ የ7.5 ኪሎ ዋት ሞተር በ380 ቮልት ከ15 አምፒር በላይ ስለሚፈልግ፣ ሻጩ "ልክ የሚሆነው ይሄ ነው" ቢልም አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን መግዛት ይሻላል፡፡ የሳሳ አየር ኤሌክትሪክ የመከላከል አቅሙም ይቀንሳል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ የድራይቩን የሪሌይ ኮንታክቶች በ220 ቮልት ላለመጠቀም የሚያስጠነቅቁ ማኑዋሎች አሉ፡፡ መቆጣጠሪያውን በ24 ቮልት የሠራነው ያለ ምክንያት አይደለም፡፡

ሪሌዩ በራሱ እንዳይነሳ ይከላከላል እንጂ እጅን ወደ ማሽኑ ለማስገባት ፈቃድ አይሰጥም፡፡ ኮንታክት ተጣብቆ ሊቀር ይችላል፡፡ ለጽዳትና ለጥገና ዋናው ብሬከር ይጠፋል፣ ይቆለፋል፣ ቁልፉም በሠራተኛው ኪስ ይሆናል፡፡ ድራይቩን ራሱን ለመክፈት ደግሞ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ መጠበቅ ግዴታ ነው፡፡ በ380 ቮልት የሚሠራ ድራይቭ መስመሩ ከተቋረጠም በኋላ በውስጡ ከ500 ቮልት በላይ ይዞ ይቆያል፡፡

ሥራውን ያስረከበውን ኤሌክትሪሻን ከመሸኘት በፊት አንድ ሙከራ ማድረግ ይገባል፡፡ እህል ሳይገባ፣ ክዳኑ ተዘግቶ ሞተሩ ይነሳ፡፡ እየዞረ ሳለ ዋናው ብሬከር ይውረድ፤ የድራይቩ ማሳያ እስኪጠፋ ይጠበቅና ይመለስ፡፡ ድራይቩ ይበራል፣ ሞተሩ ግን ንቅንቅ ማለት የለበትም፡፡ ጄኔሬተር ካለ በእሱም ይደገም፡፡ ሞተሩ ከተነሳ ሒሳቡ አይከፈልም፡፡