ዕድሜው የማይታወቅ ብር

እንግዲህ ስሙኝ። ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥርላችሁ፤ የእኛ ሲሆን ዓመተ ምሕረት እላለሁ።

በ1780 ኅዳር ላይ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ቪየና ላይ አረፈች። አርባ ዓመት ገዝታለች፣ አሥራ ስድስት ልጅ ወልዳለች። ንጉሥ ሲሞት በብሩ ላይ ያለው መልክም ይለወጣል፤ ወጉ ይኸው ነው። የእሷ ግን አልለወጥ አለ። ከቀይ ባሕር ወዲህም ወዲያም ያለው ነጋዴ የለመደውን ፊት ካላየ አልቀበልም አለና፣ ማተሚያ ቤቱ የሞተችውን ሴት ከነዓመቷ ማተሙን ቀጠለ። እስከ ዛሬ ከ300 ሚሊዮን በላይ ታትሟል። ሁሉም ላይ የተጻፈው 1780 ነው።

የኛ ሰውማ አመሉን ታውቁታላችሁ። ብሩን ያገላብጥ፣ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ፈርጥ በፈርጥ ያይ፣ ከደበዘዘ አልፈልግም ብሎ ይመልስ ነበር። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር በ1868 መቅደላ ሲዘምት ይህን ስለሚያውቅ በቪየና የታተመ ማርትሬዛ፣ ማለትም የእሷኑ ብር፣ አስጭኖ ነው የመጣው። ምኒልክ እንኳ 1887 ዓ.ም. የሚል የራሳቸውን ብር ፓሪስ አሳትመው ሲያስመጡ፣ ባላገሩ ከሴትዮዋ አልላቀቅ አለ።

ታዲያ ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ ማርቲንዴል ሰፈር ውስጥ፣ በረዶው ደጁን በሞላበት ቅዳሜ፣ ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሲቀዳ የቤቱ እመቤት ከጓዳ አንድ ማርትሬዛ ይዛ ወጣች። አንጥረኛ ማንጠልጠያ በይዶለታል፤ የእቴጌይቱ ጉንጭ ከአንገት ብዛት ለስልሷል።

ልጇ ሳንቲም ሰብሳቢ ነው። የሚያልመው ከ1501 በፊት ዓመት የተጻፈባቸውን የአውሮፓ ሳንቲሞች ነው፤ ያኔ ዓመት መጻፍ ገና ልማድ አልሆነምና ብርቅ ናቸው። የክርስቶስን ዘመን ከጻፉት ቀደምቱ በ1234 ሮስኪልደ፣ ዴንማርክ፣ በሮማ ቁጥር የታተመው ነው። ዛሬ በምንጽፈው አኃዝ ደግሞ የስዊዘርላንዷ ሳንክት ጋለን በ1424 አተመች። (የአክሱም ነገሥታት ከዚያ ሁሉ በፊት ወርቅ ሲያትሙ ስማቸውን ጻፉ፣ ኋላም መስቀል አደረጉበት፤ ዓመት ግን ከነጭራሹ አልጻፉም። መኩራት እንጂ ማስላት አልወደዱም መሰለኝ።)

«ጋሼ፣ 1780 ይላል! ስንት ያወጣል?» አለ ልጁ።

ቡና ሊጠጡ የመጡት ሽማግሌ መነጽራቸውን አድርገው ብሩን ወደ መስኮቱ አዞሩት።

«ዓመቱን ተወው። ከደረቷ ሥር ኤስ እና ኤፍ የሚሉትን ፊደላትም ተዋቸው፤ የጉንዝቡርግ ማተሚያ ቤት ሹማምንት ስም መነሻ ናቸው፣ ኋላ የቀዳው ሁሉ አብሮ ቀድቷቸዋል። አዋቂ የሚያየው የንስሩን ጅራት ላባ፣ የፈርጡን አቀማመጥ፣ የጠርዙን ጽሑፍ ነው። ይኼ ሮም የታተመ ሊሆንም ይችላል።»

«የምን ሮም?» አለች እናት።

«ሙሶሊኒ ነዋ! በ1935 የማተም መብቱን ከኦስትሪያ ተረክቦ ሮም ላይ አሳተመ። በዚያው ዓመት ጦሩ መረብን ሲሻገር ብሩም አብሮ ተሻገረ፤ ለበቅሎ፣ ለገብስ፣ ለባንዳ። ኋላ ለንደንም ቦምቤይም አትመዋል።»

«ይኼ እኮ የአባቴ ነው! አባቴ አርበኛ ነበር!»

«አርበኛስ ከጣሊያን ማርኮ አይደል የሚበላው?»

እሷም ሳቀች፤ ቁጣው ግን ፊቷ ላይ ነበር። ልጁ የወጥ ቤቱን ሚዛን አምጥቶ ብሩን ጫነበት። ሠላሳ ግራም አለ። ሽማግሌው ብሩ ራሱ 28 ግራም ከጥቂት መሆኑን፣ የቀረው ማንጠልጠያው እንደሆነ፣ ከሺህ 833ቱ እጅ ንጹሕ ብር መሆኑን አስረዱት። የታተመበት ከተማ እስኪለይ ድረስ የሚሸጠው በዚያው በክብደቱ ነው።

«በግራም?» አለች እናት፣ ብሩን ከሚዛኑ ላይ እያነሳች። «ሥጋ መሰላችሁ እንዴ!»