«ማን ላከህ?» የመላእክት ማንነትና የጎንደር ድርሻ

ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ወደ ላይ ሳያይ የሚወጣ ሰው ያለ አይመስለኝም። ጣሪያው በረድፍ በረድፍ በተሳሉ የመላእክት ፊቶች ተሞልቷል፤ ከመቶ በላይ ናቸው። አካል የላቸውም፤ ፊትና ክንፍ ብቻ። ጠጉራቸው ጥቁር፣ ዐይኖቻቸው ትልልቅ ናቸው። ደብሩን የተከሉት በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የነገሡት ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1888 ደርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ይህ ቤተ ክርስቲያን ተረፈ፤ ንብ ወጥቶ እንደ መለሳቸው የሚነገረውን ትውፊት እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ከጣሪያው ሥር ቆመን ሚካኤል የትኛው ነው፣ ገብርኤልስ ብንል ግን ሥዕሉ አይነግረንም።

ለእኛ ለወንጌላውያን ወጣቶች ይህ የጉብኝት ጥያቄ ብቻ አይደለም። በዚህ ከተማ ወሩ የሚቆጠረው በመላእክት ስም ጭምር ነው፤ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 22 ዑራኤል። ለልጇ ለሚካኤል የተሳለች እናት ልጇ ወንጌላዊት ሆና ስትመጣ መጀመሪያ የምትጠይቃት «እናንተ መላእክትን ትክዳላችሁ አይደል?» ብላ ነው። መልሳችን ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው፤ ካልሆነም ክርክር። ሁለቱም የሚመጡት መጽሐፍ ቅዱስ ስለ መላእክት ማንነት የሚለውንና የማይለውን ለይተን ባለማጥናታችን ነው ብዬ አምናለሁ።

ከቃሉ እንጀምር። መልአክ የግእዝ ቃል ነው፤ ሥሩ «ለአከ» ነው፤ ላከ ማለት ነው። መልእክት፣ ልኡክ፣ መልእክተኛ፣ ተላላኪ የምንላቸው ሁሉ ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው። የዕብራይስጡ ቃል በድምፅም በሥርም ከእኛው ጋር ወንድማማች ነው፤ የግሪኩ «አንጌሎስ»ም መልእክተኛ ማለት ነው። እንግዲህ ቃሉ የሚናገረው ስለ ሥራ እንጂ ስለ ተፈጥሮ አይደለም። ክንፍ አለው ወይስ የለውም፣ እሳት ነው ወይስ ነፋስ አይልም፤ ተልኳል ይላል። ከዚህም የተነሣ ቅዱሳት መጻሕፍት ይህን ቃል ለሰውም ይጠቀሙበታል። ነቢዩ ሐጌ በምዕራፍ 1 ቁጥር 13 የተጠራው በዚሁ ቃል ነው። በሚልክያስ 2፥7 ካህኑ፣ በማርቆስ 1፥2 መጥምቁ ዮሐንስ፣ በያዕቆብ 2፥25 ረዓብ የተቀበለቻቸው ሰላዮች እንዲሁ ተብለዋል። የአማርኛ ተርጓሚዎቻችን እንደ ቦታው «መልአክ» ወይም «መልእክተኛ» እያሉ ይለያሉ፤ በመጀመሪያው ቋንቋ ግን ቃሉ አንድ ነው።

ይህን አገራችን አልረሳችውም። የደብር አለቆች መልአከ ሰላም፣ መልአከ ፀሐይ፣ መልአከ ብርሃናት እየተባሉ ይሾማሉ፤ ማንም ግን ክንፍ አላቸው ብሎ አያስብም። በራእይ ምዕራፍ 2 እና 3 ደብዳቤ የተጻፈላቸው የሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት መላእክት ሰማያውያን ናቸው ወይስ የጉባኤዎቹ መሪዎች የሚለው ክርክርም ከዚሁ ይነሣል። በነገራችን ላይ በጣሪያው ላይ የተሳሉት ኪሩቤል ከሆኑ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ኪሩቤልን «መልአክ» ብሎ የጠራበት ቦታ የለም፤ ዙፋኑን ሲሸከሙና መንገዱን ሲጠብቁ እንጂ መልእክት ሲያደርሱ አናያቸውም። ሁሉንም በአንድ ስም መጥራት የኋላ ልማድ ነው።

ስማቸውስ? እኛ በምንቀበላቸው 66 መጻሕፍት በስም የተጠሩት ቅዱሳን መላእክት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ሚካኤል ነው፤ በዳንኤል፣ በይሁዳና በራእይ እናገኘዋለን። ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፤ እንደ እግዚአብሔር ያለ ማን ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ገብርኤል ነው፤ በዳንኤልና በሉቃስ። ሌሎቹ ሁሉ ስም የላቸውም። የሶምሶን አባት ማኑሄ እንግዳውን ስሙን ቢጠይቀው ለምን ትጠይቀኛለህ ተብሎ ተመለሰ (መሳፍንት 13)። ያዕቆብም በያቦቅ ማዶ ታግሎ ያገኘው ተመሳሳይ መልስ ነው። ታኅሣሥ 19 በገብርኤል ስም የሚከበረው የሠለስቱ ደቂቅ ታሪክ እንኳ በዳንኤል 3 ሲነበብ በእሳቱ ውስጥ የታየውን አራተኛ በስም አይጠራውም፤ ናቡከደነፆር እግዚአብሔር መልአኩን ላከ ይላል እንጂ። ገብርኤል ራሱ እንኳ ለዘካርያስ ስሙን በተናገረበት በዚያው ዐረፍተ ነገር በማን ፊት እንደሚቆምና እንደ ተላከ ይናገራል። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚባልበት ሰው አለ፤ የመጽሐፍ ቅዱስ መልአክ ግን ካልተላከ አይንቀሳቀስም፤ ከመጣም ማንነቱ የሚታወቀው በላኪው ነው።

ታዲያ ዑራኤል፣ ሩፋኤል፣ ራጉኤል የሚሉት ስሞች ከየት መጡ? ሩፋኤል በመጽሐፈ ጦቢት፣ ዑራኤል በዕዝራ ሱቱኤል ይገኛሉ። ሰፊው ምንጭ ግን መጽሐፈ ሄኖክ ነው፤ የሄኖክ ታሪክ ደግሞ በዚህችው በጎንደር በኩል ያልፋል።

መጽሐፈ ሄኖክ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበሩት መቶ ዓመታት በአይሁድ መካከል የተጻፈ ነው። ዘፍጥረት 6 በጥቂት ቁጥሮች ያለፈውን የእግዚአብሔር ልጆችና የሰው ሴቶች ልጆች ነገር አስፍቶ ይተርካል። «ትጉሃን» የተባሉ 200 መላእክት በአርሞንኤም ተራራ ላይ ወረዱ፤ አዛዝኤል ሰይፍ መቀጥቀጥንና ጌጥ መሥራትን ለሰው አስተማረ ይላል። በምዕራፍ 20 ደግሞ የታመኑትን መላእክት ከነሥራቸው በስም ይቆጥራል። የይሁዳ መልእክት በቁጥር 14 እና 15 የሄኖክን ቃል ስለሚጠቅስ የጥንት አባቶች መጽሐፉን ያውቁት ነበር። በአውሮፓ ግን ከጊዜ በኋላ ጠፋ። ሙሉ ሆኖ የቆየው በግእዝ ብቻ ነው፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ አድርጋ ጠበቀችው፤ በወለቃና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤልም ያከብሩት ነበር።

አውሮፓውያን በኢትዮጵያ እንዳለ ሰምተው ሲፈልጉት ኖረዋል። በ17ኛው መቶ ዓመት ፔሬስክ የተባለ ፈረንሳዊ ምሁር ሄኖክ ነው የተባለ የብራና መጽሐፍ በእጁ አስገባ። በኋላ ግእዝን ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረው ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ፓሪስ ሄዶ ቢያነበው ሌላ መጽሐፍ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ የተፈታው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር በገባ ጊዜ ነው። ብሩስ እስከ 1771 መጨረሻ በዚህ አገር ሲቆይ በእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ቤተ መንግሥት ገብቷል፤ ከራስ ሚካኤል ስሑል ጋር ውሏል፤ የዓባይንም ምንጭ አይቷል። ሲመለስ ከያዛቸው ብራናዎች መካከል ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ። አንዱን ለፈረንሳይ ንጉሥ ሰጠ፤ አንዱ ወደ ኦክስፎርድ ሄደ፤ አንዱን ለራሱ አስቀረ። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመው፤ አውጉስት ዲልማን በ1851 የግእዙን ንባብ አሳተመ። አንዳንዶች ክርስቲያኖች በኋላ የፈጠሩት ድርሰት ነው እያሉ ሲጠራጠሩ ቆዩ። በ1952 ግን በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን 4ኛ ዋሻ የአረማይስጥ ቁርጥራጮቹ ተገኙ። የጎንደር ጸሐፍት በብርዕና በቀለም የገለበጡት መጽሐፍ በእርግጥ ጥንታዊ ነበር።

እዚህ ላይ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። እኛ መጽሐፈ ሄኖክን የእምነታችን መለኪያ አድርገን አንቀበለውም፤ ይሁዳ አንድ ቃል ስለ ጠቀሰ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ቃል ይሆናል ማለትም አይደለም፤ ጳውሎስም በአቴና የግሪክ ባለቅኔዎችን ጠቅሷል። ነገር ግን አንዳንድ ወጣቶቻችን ይህን መጽሐፍ «ተረት» እያሉ ሲያልፉት ስሰማ አዝናለሁ። የአዲስ ኪዳን ጸሐፊዎች ያነበቡትን መጽሐፍ፣ ዓለም ሁሉ ሲጥለው፣ የእኛ አባቶች ናቸው ጠብቀው ያቆዩት። የጎረቤታችንን ቅርስ ሳናነብ መናቅ ወንጌላዊነት አይደለም።

በስማቸው መላእክትን መጥራትም የቆየ ክርክር ነው። ጳውሎስ በቆላስይስ 2፥18 የመላእክትን አምልኮ አስጠንቅቋል። በቆላስይስ አጠገብ ባለችው በሎዶቅያ በ4ኛው መቶ ዓመት የተሰበሰበ ጉባኤም መላእክትን እየጠሩ መሰብሰብን ከለከለ። በ745 ደግሞ በሮም የተደረገ ጉባኤ አልደበርት የተባለ ሰባኪ በጸሎቱ የጠራቸውን ስሞች አወገዘ፤ ከእነርሱ መካከል ዑራኤልና ራጉኤል ነበሩ። በሮም የተወገዙት ስሞች በእኛ አገር እስከ ዛሬ የደብር ስሞች ናቸው። ጎንደርም ክርክሩን ታውቀዋለች። የስዊዘርላንዱ ተወላጅ ሳሙኤል ጎባት በ1830 ወደዚህ ሲመጣ አቡ ሩሚ የተረጎመውንና በ1824 የታተመውን የአማርኛ ወንጌል ይዞ ነበር፤ ከከተማዋ ሊቃውንትና ምእመናን ጋር ስለ ቅዱሳን አማላጅነት ተነጋግሯል። ከዚያ ንግግር የሚበልጥብኝ በእጁ የነበረው መጽሐፍ ነው፤ ሉቃስ ምዕራፍ 1ን ሰው በእናቱ ቋንቋ ቢያነብ ገብርኤል ምን እንዳለ ራሱ ይሰማል።

ከሁሉ የሚከብደው የማንነት ጥያቄ ግን «የእግዚአብሔር መልአክ» ስለሚባለው ነው። አጋር በምድረ በዳ መልአክ አገኛት፤ እርሷ ግን የሚያየኝ አምላክ አለችው (ዘፍጥረት 16)። በቁጥቋጦው ነበልባል ለሙሴ የታየው መልአክ ነው፤ የሚናገረው ግን እግዚአብሔር ነው (ዘጸአት 3)። ማኑሄም እግዚአብሔርን አይተናልና እንሞታለን ብሎ ፈራ። መልእክተኛ ነው ወይስ ላኪው ራሱ? ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በ2ኛው መቶ ዓመት ከሥጋዌ በፊት የተገለጠ ወልድ ነው አለ። አውግስጢኖስ ደግሞ በእግዚአብሔር ስም የሚናገር ፍጡር መልአክ ነው አለ። ካልቪን ወደ ዮስጢኖስ ወገን አዘነበለ። በደብረ ብርሃን ሥላሴ በመቅደሱ መግቢያ በላይ አንድ መልክ ያላቸው ሦስት ሽማግሌዎች ሆነው የተሳሉት ሥላሴ አብርሃም በመምሬ የተቀበላቸውን ሦስት እንግዶች ያስታውሰኛል። ዘፍጥረት 18 እና 19 ሲነበቡ ግን አንዱ ከአብርሃም ጋር ቀርቶ እንደ እግዚአብሔር ይናገራል፤ ወደ ሰዶም የወረዱት ሁለቱ መላእክት ተብለዋል። እኔ ወደ ዮስጢኖስ አዘነብላለሁ፤ ይሁን እንጂ በማቴዎስ 1 ለዮሴፍ በሕልም የታየው የጌታ መልአክ መልእክቱን ብቻ አድርሶ እንደሚሄድ ሳነብ፣ ነገሩን እንደ ዶግማ ይዤ ማንንም አልከራከርም። ዕብራውያን 1 የሚለው ግልጽ ነውና፤ ልጁ ከመላእክት አንዱ አይደለም፤ እነርሱ ይሰግዱለታል።

እንግዲህ «መላእክትን ትክዳላችሁ?» ለምትል እናት መልሱ አንክድም ነው። አሉ፤ ይላካሉ፤ በዕብራውያን 1፥14 መሠረት መዳንን ለሚወርሱ ሰዎች ያገለግላሉ። አንሰግድላቸውም፤ ይህንንም ከእነርሱው ተምረናል። ዮሐንስ በራእይ 22 ሊሰግድ ሲወድቅ መልአኩ ራሱ ከለከለው፤ አብሬህ ባሪያ ነኝ አለው። እናትየዋን ከመክሰሳችን በፊት ግን ወደ ራሳችን ጉባኤ እንይ። «ሌሊት መልአክ መጥቶ እንዲህ አለኝ» የሚል አገልጋይ በኮንፈረንስ ሲነሣ የምናጨበጭበው ማን እንደ ላከው ጠይቀን ነው? ጳውሎስ በገላትያ 1፥8 ከሰማይ የመጣ መልአክ እንኳ ሌላ ወንጌል ቢሰብክ አትቀበሉ ብሏል። የሐዋርያው መመዘኛ መልእክቱ እንጂ የመልእክተኛው ብርሃን አልነበረም።

በሐዋርያት ሥራ 12 ጴጥሮስ ታስሮ ሲያድር መልአክ መጣ። ጎኑን መትቶ አነቃው፤ ታጠቅ፣ ጫማህን አድርግ፣ ልብስህን ልበስ፣ ተከተለኝ አለው። ስሙን አልነገረውም፤ ጴጥሮስም አልጠየቀም፤ ሕልም መስሎት ነበር። የብረቱን በር አልፈው አንድ መንገድ ያህል እንደ ሄዱ መልአኩ ተለየው። ጴጥሮስ የቀረውን መንገድ ብቻውን በጨለማ ሄዶ የማርያምን ቤት ደጅ አንኳኳ። ውስጥ ሆነው ስለ እርሱ ሲጸልዩ የነበሩት ሮዴ መጥታ ጴጥሮስ በደጅ ቆሟል ብትላቸው መልአኩ ይሆናል አሏት፤ እርሱም ማንኳኳቱን ቀጠለ።