ጎርፍ የሚመታው ዳር

ጎረቤቴ አንድ ጠዋት ጫማቸውን ሲያስሩ «ራሴን!» ብለው ወደቁ። በሦስተኛው ቀን ቀበርናቸው። ድንኳን ውስጥ አንዱ «ምች ነው» ሲል ሌላው «የምን ምች! ቤት በጨረሱ በወሩ? የሰው ዓይን ነው እንጂ» አለ። ሐኪም የሆነው የወንድማቸው ልጅ ብቻ «አንጎላቸው ውስጥ ካሉት ደም ቅዳዎች አንዱ አብጦ ነበር፤ እሱ ነው የፈነዳው» አለን። አኑሪዝም ይሉታል። «ታዲያ እዚያ ቦታ ላይ ምን አመጣው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ደም ሥሩ የሚገናኝበት ቦታ ነው» ብሎ ዝም አለ። ለቅሶ ቤት ነውና እኔም አልገፋሁበትም። በኋላ ሳነብ ግን ታሪኩ ረጅም ሆኖ አገኘሁት።

እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1664 ስለ አንጎል አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ሥዕል ከሠሩለት አንዱ ክሪስቶፈር ሬን ነበር፤ ኋላ የለንደኑን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የነደፈው ሰው። ደም ቅዳዎች ከአንጎል ሥር ተያይዘው የሚሠሩት ቀለበት ዛሬም በዊሊስ ስም ይጠራል። ዊሊስ አስከሬኑን ከመረመራቸው ሰዎች የአንዱ፣ በቀኝ አንገቱ በኩል የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ተደፍኖ ድንጋይ መስሎ ነበር። ሰውየውን የገደለው ግን የሆድ ዕጢ ነው፤ አንጎሉ ደም አላጣም። በዚያው ወገን በአንገት አጥንት ውስጥ የሚያልፈው ሌላው ደም ቅዳ ከግራው ሦስት እጥፍ ሰፍቶ የጎደለውን ይሞላ ነበር። ደም አንዱ መንገድ ሲዘጋበት ሌላውን ያሰፋል ማለት ነው። ይህ መስፋት በነፃ እንደማይገኝ የታወቀው በጣም ቆይቶ ነው።

በሕይወት ያለ ሰው የአንጎል ደም ሥር በራጅ የታየው በ1927 ሊዝበን ውስጥ ነው፤ ኤጋስ ሞኒዝ በአንገት ደም ቅዳ መድኃኒት ወግቶ። (የኖቤል ሽልማት ያገኘው ግን በዚህ አይደለም። በ1949 የተሸለመው ብዙ ሰው በጎዳው በዚያ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ነው። ሽልማትም ይሳሳታል።) በ1931 ኤድንብራ ላይ ኖርማን ዶት የደማን እባጭ ከበሽተኛው ጭን በተቆረጠ ጡንቻ ጠቀለለው፤ በሽተኛው ድኖ ለብዙ ዓመታት ኖረ። በ1937 ደግሞ ዋልተር ዳንዲ ባልቲሞር ውስጥ የእባጩን አንገት በብር መቆንጠጫ ያዘው።

የራስ ቅል መክፈት የሚያስፈራ ሥራ ስለነበር ብዙ ሐኪሞች የመረጡት ሌላ ዘዴ ነው፦ ደሙን ወደ እባጩ የሚያመጣውን ትልቁን ደም ቅዳ አንገት ላይ ማሰር። ምንጩን ማድረቅ እንበለው። ብዙ ሰው ተርፎበታል። እኔን የገረመኝ የኋላው ነው። ከታሰረላቸው መካከል አንዳንዶቹ ከዓመታት በኋላ አዲስ እባጭ ይዘው ተመለሱ፤ ያውም ደህና በነበረው ወገን። ያ ወገን የሁለቱን ሸክም ብቻውን ተሸክሞ ኖሯልና።

ክረምት ላይ ወንዝ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጎርፍ ቀጥ ያለውን ዳር ብዙም አይነካውም፤ የሚቦረቡረው የመታጠፊያውን ዳር ነው። ደም ቅዳም እንደ ባላ ለሁለት ሲከፈል ደሙ በኃይል መጥቶ የሚጋጨው ባላው ከተሰነጠቀበት ቦታ ጋር ነው። የአንጎል ደም ቅዳ ደግሞ ግድግዳው ስስ ነው፤ ዙሪያውን ደግፎ የሚይዘው ሥጋም የለም። ፍትጊያው ሲበዛ የሚለጠጠው ሽፋን ይቀደዳል፣ የጡንቻው ንብርብር ይሳሳል፣ ግድግዳውም ወደ ውጭ ይነፋል። የደም ግፊትና ሲጋራ ነገሩን ያብሱታል።

በ1978 የኪዮቶው ኖቡዎ ሃሺሞቶና ባልደረቦቹ ይህንኑ በአይጦች ላይ አሳዩ። የአንዱን ወገን የአንገት ደም ቅዳ አሰሩ፣ የደም ግፊቱን ከፍ አደረጉ፣ የደም ሥር ግድግዳ የሚያላላ ነገር አበሏቸው፤ እባጩም ወጣ። ያ የሚያላላው ነገር መጀመሪያ የተገኘው ከጓያ ዘመድ፣ ለአበባው ከሚተከል ተክል ነው። የኛ ጓያ እግር የሚያሽመደምድበት መርዝ ሌላ ነው፤ ዘመድነቱ ግን አስደንቆኛል።

አሁን ኮምፒውተር የእያንዳንዱን በሽተኛ ደም ሥር ቅርጽ ወስዶ ፍሰቱን ያሰላል። ሆኖም እባጩ አንዴ ከወጣ በኋላ የሚያፈነዳው ብርቱው ፍትጊያ ነው ወይስ ውስጡ እየዞረ የሚተኛው ሰነፍ ደም በሚለው ላይ ባለሙያዎች ገና ይከራከራሉ። ከ100 አዋቂዎች 3 ያህሉ እንዲህ ያለ እባጭ እንዳለባቸው ይገመታል፤ አብዛኛው ሳይፈነዳ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ስለዚህ በአጋጣሚ የተገኘ እባጭ ይነካ አይነካ የሚለው ቀላል ውሳኔ አይደለም።

ለሙት ዓመታቸው የወንድማቸውን ልጅ አገኘሁትና ያንን ጥያቄዬን ደገምኩለት። የግፊት ኪኒናቸውን «ደህና ነኝ» ብለው ካቆሙ ስምንት ወር ሆኗቸው ነበር አለኝ። ከዚያ ፎቶውን አወጣ። ወደ ፊተኛው የአንጎል ክፍል ከሚሄዱት ሁለት ደም ቅዳዎች የቀኙ እንደ ክር የቀጠነ ነው፤ ከልደታቸው ጀምሮ እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም አለ። ግራው ወፍራም ነው፤ ለሁለቱም ወገን ደም ሲያደርስ የኖረው እሱ ነው። እባጩ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ፣ በግራው በኩል፣ አንዲት ሽምብራ አክሎ ይታያል።