ልጃገረዶች በካሜራ ፊት

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የማቻከል ወረዳ ከተማ አማኑኤል ትገኛለች። ከዙሪያዋ ቀበሌዎች ለምትመጣ ተማሪ ከፎቶ ቤት ጋር የሚደረገው ትውውቅ ብዙ ጊዜ በጉርድ ፎቶ ይጀምራል። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ሲቃረብ ሹሩባዋን ተሠርታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፤ «ቀና በይ» ትባላለች። ያለ ዕድሜ መዳር በኖረበት አገር ያቺ ትንሽ ፎቶ ቁም ነገር ይዛለች፤ ልጅቷ ትምህርቷን ሳታቋርጥ እዚህ ደርሳለች።

ካሜራ ኢትዮጵያ ሲገባ ግን ልጃገረድን አላስቀደመም። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን እ.ኤ.አ. በ1905 መጥቶ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወረሱ። ከሌንሱ ፊት የሚቆሙት በአብዛኛው ነገሥታት፣ መኳንንትና ወይዛዝርት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1931 የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለልጃገረዶች ሲከፈት፣ ሊታይና ሊመዘገብ የሚገባው አዲስ ሰው መጣ፦ ተማሪ ልጃገረድ።

ፎቶ ቤት ከዋና ከተማዋ ወደ ክፍለ ሀገር ሲዘልቅ ደግሞ የተራው ቤተሰብ አልበም መሙላት ጀመረ። እህትማማቾች አንዷ ተቀምጣ ሌላዋ ትከሻዋን ይዛ፣ ጓደኛሞች በበዓል ልብሳቸው ጎን ለጎን ቆመው ይነሱ ነበር። ከጀርባቸው በሥዕል ያጌጠ መጋረጃ፣ አጠገባቸው የፕላስቲክ አበባ ነበር። አንሺው ኔጋቲቩን በቀጭን እርሳስ እየነካካ ፊቱን ያጠራ ነበር፤ አንዳንዱም ጥቁርና ነጩን ፎቶ ከንፈርና ጉንጩ ላይ በእጁ ቀለም ይቀባው ነበር። ከታጠበ በኋላ ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ ይሁንሽ» ተብሎ ተጽፎበት ለጓደኛ ይሰጥ ነበር። በእነዚህ ፎቶዎች ልጃገረዷ ልብሷን መርጣ፣ አቋሟን አስተካክላ፣ ልትታይ እንደምትፈልገው ታየች።

ዓለም ያየው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው የረሃብ ምስል በቢቢሲ ሲተላለፍ እርዳታ አስተባብሮ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ነገር ግን የኢትዮጵያ ልጆች መልክ ለብዙ ዓመታት በዚያው ተወስኖ ቀረ።

ያለ ዕድሜ ጋብቻም የራሱን ምስል አመጣ። አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ስቴፋኒ ሲንክሌር በበርካታ አገሮች ልጅ ሙሽሮችን ስታነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ የ11 ዓመት ልጅ ስትዳር በካሜራዋ አስቀርታለች። ችግሩ እውነት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ 15 የነበረው የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2000 በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 ቢሆንም ልማዱ አልተቋረጠም ነበር። ሆኖም ስለ አማራ ክልል ልጃገረድ ዓለም የሚያውቀው የሠርጓን ቀን ብቻ ከሆነ፣ ጋብቻው የቀረላት ልጅ ከነጭራሹ አትታይም።

ጋብቻው የቀረላቸውም ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 በክልሉ ሞሰቦ በተባለ ቦታ የተሞከረው «ብርሃነ ሔዋን» የተሰኘ ፕሮግራም ልጃገረዶችን በቡድን እያሰባሰበ፣ ደብተርና እርሳስ እያቀረበ፣ ከማኅበረሰቡ ጋር ስለ ጋብቻ እያወያየ ሠራ። ልጃቸውን ሳይድሩ ፕሮግራሙን ላስጨረሱ ወላጆች ከልጃቸው ጋር በጋራ ፍየል ይሰጣቸው ነበር። በፕሮግራሙ ላይ በተደረገ ጥናት ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ተሳታፊ ልጃገረዶች ፕሮግራሙ ካልደረሰበት አካባቢ እኩዮቻቸው ይልቅ የመዳር ዕድላቸው እጅግ አነስተኛ፣ ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸውም የሰፋ ሆኖ ተገኝቷል። ፍየሏን ይዛ ወደ ቤቷ የምትመለስ ልጅም ከሙሽራዋ ባላነሰ ልትታይ የሚገባት ናት።

ይህን የተዛባ የምስል ሚዛን ለማስተካከል ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ካሜራውን ይዘዋል። በዋሽንግተን ፖስት ፎቶ ጋዜጠኛ ሆና የሠራችው አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሥርታ የአፍሪካ ፎቶ አንሺዎች ሥራ አዲስ አበባ ላይ እንዲታይ አደረገች። ወንጌል አበበ፣ ናፍቆት ገበየሁና ፊሊፕ ሹትስ ደግሞ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» ብለው የከተማዋን የቤተሰብ ፎቶዎች ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2018 በመጽሐፍ አሳትመዋል።

እንዲህ ያለው ሥራ ለጎጃምም ያስፈልጋል። ፊልም በዲጂታል ከተተካ ወዲህ የድሮ ኔጋቲቮች ለአቧራና ለእርጥበት ተጋልጠዋል። የደብረ ማርቆስና የአማኑኤል ፎቶ ቤቶች ያስቀሩትን፣ እናቶችም በሳጥናቸው ያኖሩትን መሰብሰብ፣ የልጃገረዶቹን ስምና ታሪክ ከራሳቸው አንደበት መመዝገብ፣ ቅጂውንም ለባለቤቶቹ መመለስ ይገባል።