ከደመወዝ እስከ ደመወዝ፤ በነፋስ ስልክና በላፍቶ የወር መጨረሻ ኑሮ

ወሩ ሳያልቅ የምግብ ገንዘብ ያለቀበት ቤተ ሰብ እስከ ደመወዝ ቀን እንዴት እንደሚደርስ መመርመር ከቤት አስተዳደር ያለፈ ጥያቄ ያስነሣል። ይኸውም በዓመት አንድ ጊዜ ጎተራውን ሞልቶ መኖርን በለመደ ሕዝብ ዘንድ የወር ደመወዝ የሚባለው ሥርዐት እንዴት እንደ ተተከለ፣ በሁለቱ የደመወዝ ቀኖች መካከል ያለው ክፍተትስ በምን እንደ ተሸፈነ ነው። ለዚህ ጥያቄ በደቡብ አዲስ አበባ ያለው የነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ተስማሚ ምሳሌ ይሆናል።

የሰፈሮቹ ስም ራሱ የነገሩን መነሻ ያመለክታል። ከመሀል ከተማ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ በመግቢያው ላይ የሚገኘው ጎተራ ስሙን ያገኘው ከእህል ማከማቻ ነው። ነፋስ ስልክ ደግሞ ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፈው የራዲዮ ጣቢያ የተነሣ የወጣ ስም ነው። አንደኛው ስም የእህልን ዘመን፣ ሁለተኛው የመሣሪያን ዘመን ያስታውሳል።

በጥንቱ ሥርዐት የመንግሥት አገልጋይና ወታደር የሚኖረው በማደሪያ መሬት፣ በቀለብና በድርጎ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓመታት ገበሬው ዐሥራት በእህል እንዲከፍልና እህሉም ለሠራዊቱ ቀለብ እንዲውል ማድረጋቸው ይታወቃል። ቀለብተኛው የሚሰፈርለት እህል ስለ ነበረ፣ ገበያ ሲወደድ ድርሻው አያንስበትም፤ የሚያስፈራው አዝመራው የጠፋ እንደ ሆነ ነው።

ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ፣ ይልቁንም ከጠላት ወረራ ማብቃት ወዲህ፣ በሐዲዱና በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ ፋብሪካዎች ተተከሉ። የአደይ አበባ የጥጥ ፋብሪካና የመካኒሳው የአልኮል ፋብሪካ ስማቸውን ለሰፈር እስከ መስጠት ወይም ከሰፈር ስም ጋር አብረው እስከ መጠራት ደረሱ። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ የደመወዝ ሒሳብ በወረቀት ብርና በሳንቲም ጸና። ከዚህም የተነሣ የችግር ጊዜ መልኩን ለወጠ። የገበሬው የችግር ወራት አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ያልደረሰባቸው ሐምሌና ነሐሴ ነበሩ፤ የደመወዝተኛው ግን በየወሩ የሚመላለስ ትንሽ ክረምት ሆነ።

ይህን ትንሽ ክረምት የምታሻግረው በአብዛኛው የቤት እመቤት ናት። ደመወዝ እንደ ገባ የሚገዛው የወር ቀለብ «አስቤዛ» ይባላል፤ ቃሉ ከኢጣልያንኛ የተወረሰ ነው። ጤፉ፣ ዘይቱ፣ በርበሬው በዚያን ሰሞን ይገባል። ወሩ ሲጋመስ ጤፉ ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ጋር ይቀየጣል፤ ሽሮው ይቀጥናል፤ የተረፈው እንጀራ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። የረቡዕና የዓርብ ጾም ደግሞ ያጣውንም ያገኘውንም በአንድ ዐይነት ማዕድ ስለሚያስቀምጥ የባዶ ኪስን ነውር ይሸፍናል። በመጨረሻው ሳምንት የሚገዛው ሁሉ በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ ሽንኩርት ከጉልት በመደብ፣ ዘይት ከሱቅ በትንሽ መስፈሪያ። በጥቂቱ የሚገዛ ሰው በብዛት ከሚገዛው ይልቅ ለአንዱ መስፈሪያ የበለጠ ስለሚከፍል፣ ድህነት ራሱ ኑሮን ያስወድዳል።

የዘመን አቈጣጠሩም የራሱን ችግር ጨምሯል። የወር ደመወዝ የሚታሰበው በዓመት 12 ጊዜ ሲሆን ዓመቱ ግን 13 ወር አለው። የቀን ሠራተኛ በጳጉሜን ለሠራበት ቀን ይከፈለዋል፤ የወር ደመወዝተኛው ግን በልማድ ለእነዚህ 5 ወይም 6 ቀኖች የተለየ ክፍያ አያገኝም። ስለዚህ ከነሐሴ 30 እስከ መስከረም 30 ያለው ጊዜ 35 ወይም 36 ቀን ይሆናል፤ በዚያው መካከል የዘመን መለወጫ በዓል፣ የልጆች ትምህርት መክፈቻና መስቀል ይደራረባሉ። በዓመቱ ውስጥ እጅግ ረጅሙ ወር እጅግ ብዙ ወጪ ያለበት ወር ነው ማለት ነው።

ስለ ከተማ ኑሮ የጻፉ ሰዎች ለመረዳዳት ምሳሌ አድርገው የሚጠቅሱት ብዙ ጊዜ ዕቁብንና እድርን ነው። ሁለቱም ዳኛና ጸሐፊ፣ መዝገብና ቅጣት ስላላቸው ለተመራማሪ ይመቻሉ። ነገር ግን እድር ለሞት ቀን ነው፤ ዕቁብም ገንዘብን አጠራቅሞ ለትልቅ ጉዳይ ለማዋል ነው። እንዲያውም የወር ዕቁብ ከደመወዙ ላይ ቀድሞ ስለሚነሣ የመጨረሻውን ሳምንት ያጠብበዋል። ወሩ በገባ በ25ኛው ቀን ለእራት የሚሆን ነገር የጠፋበትን ቤት የሚደርስለት ሌላ ነው፤ እርሱም ዱቤ ነው።

ዱቤ ማኅበር የለውም፤ ያለው አንድ ደብተር ብቻ ነው። ባለ ሱቁ የወሰዱትን ዕቃና ዋጋውን ይጽፋል፤ ደመወዝ ሲገባ ይሰረዛል። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ብዙዎቹን የሰፈር ሱቆች የያዙት የየመን ዐረቦች ስለ ነበሩ ሱቁ «ዐረብ ቤት» ይባል ነበር፤ የጉራጌ ነጋዴዎችም በዚሁ ሥራ የታወቁ ናቸው። በእንግሊዝ አገር አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ በሸቀጥ እየከፈሉ በገዛ ሱቃቸው ያስሯቸው ስለ ነበር እ.ኤ.አ. በ1831 በወጣው ሕግ ተከልክሏል። በነፋስ ስልክ ግን አበዳሪው አሠሪው ሳይሆን ጎረቤቱ ነው። ደንበኛው ለማን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚከፈለው፣ በቤቱ ማን እንደ ታመመ ያውቃል፤ ዋሱም ይኸው መተዋወቅ ነው።

የዱቤ ዋጋ የሚታወቀው ከአራጣ ጋር ሲነጻጸር ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የብድር ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ሆኖም ባንክ የማያውቀው ደመወዝተኛ ዱቤ የተከለከለ ዕለት የሚሄደው ወደ አራጣ አበዳሪ ነው።

የክፍተቱን መንሥኤ ራሱን፣ ማለት የደመወዙን ማነስ፣ ለማረም የተደረገው ሙከራ ግን ብዙ አልገፋም። በ1955 ዓ.ም. የታወቀው የሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ከየካቲት 28 ቀን እስከ መጋቢት 2 ቀን 1966 ዓ.ም. ባካሄደው ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንዲወሰን ጠየቀ። በደርግ ዘመን ሸቀጥ በኩፖን በቀበሌ ሱቅ ሲታደል ዋጋው ረከሰ፤ ሽያጩ ግን እጅ በእጅ ስለ ነበር ስኳሩ በመጣበት ቀን ብር የሌለው ሰው ዕድሉ ያልፈዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሠራተኛ አዋጅም ወለሉን የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደነገገ እንጂ ወለሉን ራሱን አላስቀመጠም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር የመግዛት ዐቅም ሲወርድ የተጎዳው ይኸው ወለል የሌለው ደመወዝ ነው።

በዚህ መካከል የዱቤ መሠረት የሆነው መተዋወቅም ሳሳ። እንደ ጀሞ ባሉት የጋራ መኖሪያ መንደሮች ቤት የደረሰው በዕጣ ስለ ሆነ፣ ከየሰፈሩ የመጣ ሰው ከማያውቀው ባለ ሱቅ ጋር አዲስ ደብተር መክፈት ነበረበት፤ ተከራይም በየጊዜው ይለዋወጣል። በ2014 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር በቴሌብር «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ የብድር አገልግሎቶችን ጀመረ። በነፋስ ስልክ ስም በተጠራው ሰፈር የወር መጨረሻ ብድር በእውነት በነፋስ መምጣቱ ነው። ይህ ብድር ከአራጣ ያድናል፤ ደጅ ከመጥናትና ከዐይን እፍረትም ይሰውራል። ሆኖም የሚያየው የገንዘቡን ገቢና ወጪ ብቻ ነው፤ የመክፈያው ቀን ሲደርስ በቤቱ ሐዘን ወይም ሕመም መኖሩን አያውቅም።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው። የወር መጨረሻ ችግር ከአባካኝነት የመጣ ሳይሆን፣ ጎተራው ቀርቶ በቦታው ሌላ ጎተራ ሳይተካ የገባ የደመወዝ ሥርዐት ውጤት ነው። ሕግ ያልሞላውን ክፍተት ለብዙ ዓመታት የሞሉት የቤት እመቤቲቱ ብልኀትና የባለ ሱቁ ደብተር ናቸው። ደብተሩ በሒሳብ ጊዜ ስለሚሰረዝና ሲያልቅም ስለሚጣል ለታሪክ ጸሐፊ ሰነድ አይተውም፤ ስለዚህ ታሪኩ ከባለ ሱቆቹና ከእመቤቶቹ አፍ፣ እነርሱ ሳሉ፣ ሊሰበሰብ ይገባል።